የሐኪም ቤተሰብ በወረርሽኝ ጊዜ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለቤቴ ጅማ ውስጥ ሐኪም ነው፤ እኔ መምህርት ነኝ። ኮሮና ከገባ ወዲህ ጎረቤት ቡና ስንጠጣም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስናደርስም፣ እድር ላይም የሐኪም ሚስቶችና ባሎች የምንጠያየቀው ነገር ያው ነው። እሱን ሰብስቤ ከነመልሱ እዚህ አስቀመጥኩት። የሕክምናውን ክፍል ሙያው ያላቸውን ጠይቄ ነው። የቤቱን ክፍል ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በርንአውት የሚሉት ምንድን ነው? ድካም አይደለም እንዴ?

ድካም ተኝተው ሲነሱ ይለቃል። ይሄኛው እሁድን ሙሉ ተኝተውም ሰኞ ጠዋት አይለቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች መዝገብ 11ኛ እትም ላይ በርንአውት ተጠቅሷል። በሽታ ግን አልተባለም። በሥራ ቦታ ያለ ጫና ሲራዘምና መላ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ ነገር ነው ተብሎ ነው የተመዘገበው።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ጉልበት ተሟጥጦ ያልቃል። ሰውየው ከሥራው በልቡ ይርቃል፤ ታካሚውም ሥራውም ያስጠላዋል። ከዚያ ደግሞ «የምሠራው ሁሉ ፍሬ የለውም» ብሎ ያምናል። ነገሩን መጀመሪያ በዚህ ስም የጻፈበት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974። እሱም ሥራውን የሚሠራው ነጻ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። በኋላ ክርስቲና ማስላክ የምትባል ተመራማሪ 22 ጥያቄ ያለው መለኪያ አዘጋጀች። እስከ ዛሬም ሐኪሞች ሲጠኑ በብዛት የሚጠየቁት በእሱ ነው።

ሁለተኛውን ምልክት ልብ በሉልኝ። ቤተሰብ ቶሎ የሚያየው እሱን ነው። ድሮ እራት ላይ «እናትየዋ ዛሬ ቀና ብላ አጥሚት ጠጣች» እያለ የሚያወራ ሰው፣ አሁን «አልጋ 7 ሞተ» ብሎ ሾርባውን ይጠጣል። ክፉ ሆኖ አይደለም። በስሟ ከጠራት ሾርባው አይወርድለትም።

ታዲያ ይሄን ያመጣው ኮሮና ነው?

ከዚያ በፊትም ነበር። በግንቦት 2011 ሐኪሞችና ኢንተርኖች (ሆስፒታል ውስጥ የሚለማመዱ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች) በየከተማው ነጭ ጋዋን ለብሰው ሰልፍ ሲወጡ ኮሮና የሚባል ነገር ገና አልተሰማም። ጥያቄያቸው ክፍያ፣ የሥራ ሰዓትና የሥራ ሁኔታ ነበር። በአገራችን ለ10 ሺህ ሰው የሚደርሰው ሐኪም አንድ ገደማ ነው። ይሄን ቁጥር ይዛችሁ የዱቲ (የአዳር ተረኝነት) ፕሮግራም አውጡ ብትባሉ የት እንደምትደርሱ ገምቱት።

ወረርሽኙ የጨመረው ፍርሃትን ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስት ቀኑ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ ከልጆቼ ጋር ቤት ዋልኩ፤ እሱ በየቀኑ ወደ በሽታው ሄደ። ሐኪም ድሮ የሚፈራው ታካሚው እንዳይሞትበት ነው። ያኔ ደግሞ የገዛ እናቱን እንዳይገድል ፈራ። ይሄ ፍርሃት ደመወዝ ሲጨመርም፣ ጭብጨባ ሲበዛም የሚቀንስ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው «መጀመሪያ ላይ ችሎት፣ በኋላ ለምን ተሰበረ?» ይላል። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞችን በየጊዜው እየጠየቀ የሚከታተል ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በርንአውት ያለባቸው 38 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከዓመት በኋላ ወደ 63 በመቶ ዘለለ። እኔ አልገረመኝም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ፈርቶ ነበር፤ ሐኪሙም ጀግና ይባል ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ እዚሁ ጅማ መርካቶ ማስኩ አገጭ ላይ ወርዷል፤ ባጃጁ እንደ ድሮው ጢም ብሎ ይጭናል። ዋርዱ (በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል) ግን አልቀለለም። ብቻህን ስትፈራ ነው የሚከብደው።

ጅማ ላይ የተለየ ነገር አለ?

አለ፤ እሱም ሪፈር ነው፤ በሽተኛን ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በጣሊያን ጊዜ የተቆረቆረው ሆስፒታል ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሆኖ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበትን ደቡብ ምዕራብ ያገለግላል። ከአጋሮና ከሊሙ ይመጣል፤ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከበደሌ ይመጣል። የሚመጣው ደግሞ በሽተኛው ብቻ አይደለም። አስታማሚው፣ የአስታማሚው ወንድም፣ አንዳንዴም የመንደር ሽማግሌ አብሮ ይመጣል። ከእነሱ መሃል አንዱ የሐኪሙ ዘመድ ነው። ዘመድ ካልሆነ የዘመድ ጎረቤት ነው።

እንግዲህ የሐኪም ቤት የሚባለው ይሄ ነው። ማር ወይም ቅቤ በጀሪካን ተይዞ፣ ኤክስሬይ በብብት ተሸጉጦ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በር ይንኳኳል። እሱ ከዱቲ ገብቶ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። «ዶክተርዬ፣ እቺን ብቻ እያት» ይባላል። እቺን ብቻ የተባለችው ወረቀት ሦስት ሆስፒታል ያዞረች ናት። እሱ ቆሞ ያያታል። ከዚያ ስልክ ይደውላል፣ ካርድ ክፍል ያለ ሰው ያናግራል፣ ደም የሚሰጥ ይፈልጋል። የእሱ እንቅልፍ በዚያው ቀረ።

ይሄን ባህል አላጣጥልም። እኔም እናቴ ታማ ስትመጣ የሰው ቤት አድራለች። ግን በወረርሽኙ ጊዜ ነገሩ ሁለት ጊዜ ያደክማል። አንደኛ፣ ዋርድ ውስጥ የሚያስታምም ሰው ማታ ሳሎናችን ውስጥ ይተኛል፤ በሽታው በየት በኩል እንደሚገባ ማን ያውቃል? ሁለተኛ፣ «አትምጡብን» ማለት ነውር ነው። ባለቤቴ አይልም። እኔም ልበል ብል የባሏን ዘመድ የምታባርር ተብዬ ስሜ አጋሮ ድረስ ይሄዳል።

እኛ የደረስንበትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሲማከር አንድ ሰው ተመረጠ፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት። ሪፈር የተጻፈለት ዘመድ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። የምትጠይቀውን ታውቃለች፦ ወረቀቱ ከየት ተጻፈ፣ የትኛው ክፍል፣ መቼ ቀጠሮ አለው። ከአስሩ ሰባቱ ሐኪም ሳይነካቸው እዚያው ያልቃሉ። ሁለተኛ፣ ለሚያድረው ሰው ሆስፒታሉ አካባቢ አልጋ እንይዛለን፤ ዘመድ ያዋጣል። ምግብ ከቤት ይሄድለታል። ሰው የሚከፋው አልጋ ስላላገኘ አይደለም። እንጀራ ስላልቀረበለት ነው። እንጀራው ከሄደ ቂም የለም። ሦስተኛ፣ በር ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ዶክተር ተኝቷል፤ 9 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ እስከዚያ ቡና ላፍላ» እላለሁ። ብዙዎቹ ይጠብቃሉ። የማይጠብቅ ካለ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው ማለት ነው፤ ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ ሂዱ የምለው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከዱቲ ሲመለስ ለምን ዝም ይላል? እኛ ምን አደረግነው?

ምንም አላደረጋችሁትም። አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ላይ 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ ሲለካ ደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። በብዙ አገር በዚህ መጠን መኪና መንዳት ወንጀል ነው። እንግዲህ የሰከረን ሰው ስለ ቤት ኪራይ ታናግራላችሁ? አታናግሩም። ከዱቲ የወጣውንም እንደዚያው ተዉት።

በተግባር ምን ማለት ነው? ፖስት ዱቲ (ከዱቲ በወጣ ቀን) ሞተርም መኪናም አይነዳም፤ ባጃጅ ይያዝለት። ከገባ በኋላ ይታጠባል፣ የሆነ ነገር ይቀምሳል፣ ይተኛል። የመብራት ቢል፣ የልጁ ውጤት፣ ከእህትሽ ጋር የተጣላነው ነገር፣ ሁሉም ከእንቅልፍ በኋላ ይደርሳል። እስካሁን ቆይቶ ለስድስት ሰዓት የማይቆይ ጉዳይ እምብዛም የለም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ዱቲ ነበርኩ» ማለት ለስድብ ፈቃድ አይደለም። ዝምታ ይታለፋል። ልጅ ላይ መጮህ፣ ሳህን መወርወር፣ ሰው ማዋረድ አይታለፍም። እሱን ሲያርፍ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ስድቡ ሲለመድ የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው፤ ከዚያ እሱ ራሱ የሚመለስበት ቤት ያጣል።

በሽታውን ቤት እንዳያመጣብን ምን እናድርግ?

ሰፊ ግቢ ላለው ቀላል ነው፤ ጫማ ውጪ፣ ልብስ ውጪ፣ ሻወር፣ ከዚያ ወደ ቤት። ብዙዎቻችን ግን አንድና ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው ያለነው። በር ላይ ክዳን ያለው ባልዲ አስቀምጡ። የሥራ ልብሱ በቀጥታ እዚያ ይገባል፤ አይራገፍም። እጅ በሳሙና መታጠብ ከምንም ነገር ይበልጣል። ስልኩንም አትርሱት፤ ቀኑን ሙሉ ዋርድ ነው የዋለው።

በረኪና በደንብ በጥብጡ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ለበር እጀታና ለጠረጴዛ አንድ ሲኒ በረኪና በ49 ሲኒ ውሃ ይበቃል። ደም ወይም ትውከት ለነካው ነገር አንድ በ9 ነው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፣ ሰው ላይ ደግሞ በፍጹም አትርጩ። በ2012 ባሏን በር ላይ አቁማ በበረኪና የረጨች ጎረቤት አውቃለሁ። ፍቅር ነው፤ ግን ዓይን ያቃጥላል።

አሁን የጅማን ዝናብ ለማያውቅ ሰው አይገባውም እንጂ፣ ትልቁ ችግር ማጠቡ አይደለም። ማድረቁ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ተሰቅሎም እርጥብ ነው። ስለዚህ የሥራ ልብስ ቢያንስ ሦስት ቅያሪ ይኑረው። አንዳንድ ቤት በር ዘግተው ከሰል ላይ ያደርቃሉ። ይሄን ተዉት። የከሰል ጋዝ ሳይሸት ይገድላል፤ ለኮሮና ስትጠነቀቁ በከሰል እንዳታልቁ።

ልጆቹን ለአያታቸው እንስጣቸው?

አያትየዋ ጋ ስትወስዷቸው ምናልባት ቫይረሱን ይዘው ይሄዱ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትጎዳው ናት። በሽታው በተያዘ ሰው ላይ ለመታየት ከ2 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ልጆቹን ማራቅ ካለባችሁ ሐኪሙ ኮቪድ ዋርድ ከመግባቱ በፊት ይሁን። ከገባ በኋላ ከሆነ ሐኪሙ ቢለይ ይሻላል። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሐኪሞች ከዋርድ ወጥተው ማቆያ ይከርሙ የነበረው ለዚህ ነው።

ለልጆች እውነቱን ንገሯቸው፤ በልካቸው። የእኔ ትንሿ «አባዬ ለምን አያቅፈኝም? ተቀይሞኛል?» ብላኝ ነበር። «ሥራው ቦታ የሚያሳምም ነገር አለ፤ ወደ አንቺ እንዳይመጣ ብሎ ነው» ስላት ገባት። ከዚያ በኋላ በመስኮት በክርን ሰላም ይባባሉ ነበር። ዝም ብላችሁ ከተዋችኋት ግን መልሱን ራሷ ትፈጥረዋለች፤ ልጅ የሚፈጥረው መልስ ደግሞ ሁሌ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ነው።

ሐኪሟ ሚስት ስትሆንስ?

ያኔ ቤት መግባት ሁለተኛ ዱቲ ነው። ወንድ ሐኪም ሲደክመው «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቷል» ይባላል። ሴት ሐኪም ስትተኛ ሠራተኛዋ እንኳ ትቀሰቅሳታለች፤ «እትዬ፣ ሽንኩርት አልቋል»። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ቻይና ውስጥ በ34 ሆስፒታሎች 1,257 የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው ነበር። ግማሹ የድባቴ (ዲፕሬሽን) ምልክት ነበረባቸው፤ ከአሥሩ ሰባት በላይ የሚሆኑት ጭንቀት ላይ እንደነበሩ ተናግረዋል። የባሰው ሴቶች፣ ነርሶችና ግንባር ላይ ያሉት ላይ ነበር። ያ ጥናት ከቻይና ነው፤ ሽንኩርቱ ግን እዚህም ያው ነው።

ባሎች፣ «እረዳታለሁ» አትበሉ። መርዳት የሌላ ሰውን ሥራ ማገዝ ነው። በዱቲ ቀን የቤቱ ኃላፊ እናንተ ናችሁ፤ ሽንኩርቱም፣ የልጁ ክትባት ቀጠሮም፣ የአማት ስልክም። ለሠራተኛዋም ይሄን ንገሯት፤ የምትጠይቀው ማንን እንደሆነ ትወቅ።

ስለሚያጠቡ እናቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ ኮቪድ ቢይዛትም እንኳ ማጥባቷን ትቀጥል፤ ማስክ ታድርግ፣ እጇን ትታጠብ። ጡት አታስጥሏት።

ሁለታችንም ሐኪሞች ነን። ምን ይሻለናል?

ዱቲያችሁ አንድ ቀን እንዳይውል ፕሮግራም አውጪውን አስቀድማችሁ አናግሩ። ሁለታችሁም ብትታመሙ ልጁን የሚወስደው ሰው ስሙ ይታወቅ፤ ልብሱ በሻንጣ ይዘጋጅ። ከዚህ ሌላ የምመክረው ነገር ቢኖር እራት ላይ ስለ ዋርድ እንዳይወራ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ሁለት ሐኪም ያለበት ቤት እራት ስበላ የራውንድ (በሽተኞችን አልጋ በአልጋ እየዞሩ የሚያዩበት) ተማሪ የሆንኩ ነው የሚመስለኝ።

ለቅሶና ሰርግ እየቀረ ነው። ሰው «ናቀን» ይላል። ምን እንበል?

በ2012 ፋሲካም ረመዳንም ሚያዝያ ላይ ገጠሙ። ማንም ማንም ቤት አልሄደም፤ ስለዚህ ማንም አልተቀየመም። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው፤ ሌላው ወደ ለቅሶውና ወደ ሰርጉ ሲመለስ ሐኪሙ ዱቲ ላይ ቀረ። እድር ደግሞ ቀሪ ይጽፋል።

በሐኪሙ ፋንታ ከቤት አንድ ሰው ይሂድ፤ ልጅም ቢሆን። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ይደውል። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እኛ ሰፈር እድሩ «የጤና ባለሙያ ዱቲ ላይ ከሆነ በቤተሰቡ ይወከላል» ብሎ ተስማምቷል፤ ጠየቅን እንጂ አልለመንንም። እናንተም ጠይቁ። የሚገርመው ነገር፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው ቶሎ እሺ ያሉት።

ጎረቤት ነኝ። ሐኪሙን ማስቸገር አልፈልግም፤ ግን ልጄ ቢታመምስ?

ልጅሽ ማንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ መቆራረጥ ወይም ራስ መሳት ካለበት በሌሊትም ቢሆን አንኳኪ፤ ግን መጀመሪያ ባጃጅ ጥሪ። ሐኪሙ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ኦክስጅን የለውም። ለጉንፋንና ለሳል ጤና ጣቢያ አለ፤ ስለ ኮሮና ለመጠየቅ 8335 ተከፍቶ ነበር። መድኃኒት ቤት ገዝተሽው የመጣሽውን ክኒን «ልውሰደው ወይ?» ብለሽ በአጥር ላይ ማሳየት ግን ይቅር። የሸጠልሽ ሰው የሰለጠነበት ሥራ ነው፤ እሱን ጠይቂው።

ዱቲ ለማደር ጫት ጀምሯል። ምን ላድርግ?

ጅማ ላይ ይሄን ጥያቄ የማይጠይቅ ይመስላችኋል? ጫት እንቅልፉን አያስቀረውም፤ ያስተላልፈዋል። ጠዋት መተኛት ሲገባው ዓይኑ ይፈጣል፤ ማታ ለመተኛት ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ አንዳንዱ መጠጥ፣ አንዳንዱ ክኒን። አሳሳቢው እሱ ነው። ቡናም ቢሆን ከጠጡት ከአምስት ሰዓት በኋላ ግማሹ ደም ውስጥ አለ። ከዱቲ ሲገባ የሚፈላለት ከሆነ አቦሉን ይጠጣና ይነሳ፤ ቶናና በረካ ለተኛነው ሰዎች ይቅሩ። ጫቱን በተመለከተ ጭቅጭቅ አይሠራም። «ለምን ትቅማለህ?» ከማለት «ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

በርንአውት ነው ወይስ ድባቴ? እንዴት እንለያለን?

በጥቅሉ በርንአውት ከሥራ ጋር የታሰረ ነው። እረፍት ወጥቶ፣ ከጓደኛ ጋር ተቀምጦ የሚስቅ ከሆነ፣ ሰኞ ሲነሳ ብቻ ፊቱ የሚጠቁር ከሆነ፣ ወደዚያው ያደላል። ድባቴ ግን የትም ይከተላል። ደስ ይለው የነበረ ነገር ሁሉ ደስ አይለውም፤ ምግብ ይዘጋበታል ወይም ይበዛበታል፤ ሥራ በሌለበትም ሌሊት ይባንናል፤ ራሱን ይወቅሳል። ይሄ ሁለት ሳምንት አካባቢ ከቆየ ባለሙያ ማየት ግድ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ስለዚህ እናንተ ለመመርመር አትሞክሩ፤ ተከታተሉ እንጂ።

«ብሞት ይሻል ነበር»፣ «ባልኖር ትገላገሉ ነበር» ካለ ለነገ አታሳድሩት። ሐኪም መድኃኒት ያውቃል፤ መድኃኒትም ያገኛል። ብቻውን አትተዉት። ያን ዕለት ወደ ሕክምና ውሰዱት። «ምን ማለትህ ነው? ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ያስተነፍሰዋል።

ጅማ ላይ የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም ባለሙያዎቹን ያሰለጥናል። አስቸጋሪው ነገር እነዚያ ባለሙያዎች የሐኪሙ የካፌ ጓደኞች መሆናቸው ነው። «ነገ ራውንድ ላይ ምን ዓይን ያየኛል?» ይላል። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ሄዶ መታየት፣ ወይም በስልክ የሚያማክር ባለሙያ መያዝ ይቻላል። ለሌላው ታካሚ ሪፈር የሚጽፍ ሰው ለራሱም አንድ ይጻፍ።

«ሥራውን ልልቀቅ» ይላል። ምን ልበለው?

ከዱቲ በወጣ ማግስት የሚባለውን አትቁጠሩት። ሁለት ሌሊት ተኝቶም ካለው አድምጡት። ከዚያ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ፤ ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል፣ ግዴታ ውል አለበት ወይ። ብዙ ሐኪም ኑሮ ስላልገፋለት ማታ ማታ የግል ክሊኒክ ይሠራል። አንዳንዴ መልቀቅ ያለበት ሆስፒታሉን ሳይሆን ያንን ማታ ማታውን ነው። እርግጥ ክሊኒኩ ሲቀር ኪሱም ይጎድላል፤ ስለዚህ የቤቱ ወጪ አብሮ ካልቀነሰ «ልቀቅ» ማለት ከንቱ ነው። የልጆቹን ትምህርት ቤት ቀይረን፣ አንድ ክሊኒክ አስተወነው ያለችኝ ጓደኛ አለችኝ። ለአማቷ ግን እስከ ዛሬ አልነገረችም።

ከሆስፒታል ምን መጠየቅ ይቻላል?

ነገሩ የጀመረው ሥራ ቦታ ከሆነ ዋናው መድኃኒትም እዚያው ነው። ለሐኪሞች ስለ ጭንቀት አያያዝ የግማሽ ቀን ስልጠና ሰጥቶ በማግስቱ ለ36 ሰዓት ዱቲ መመደብ ቀልድ ነው። የሚያስፈልገው ተራ ነገር ነው። የወሩ ፕሮግራም ወሩ ሳይገባ ይውጣ። ፖስት ዱቲ የወጣ ሰው በእውነት ይውጣ፤ «ይቺን ክላስ አስተምረህ ሂድ» አይባል። የታመመን የሚተካ ሰው ይታወቅ። ማስክና ጓንት አይቆጠርበት። ሌሊት ጋደም የሚልበት ንጹሕ አልጋ ይኑር። ዱቲ ክፍያ በወቅቱ ይከፈል፤ የተጠራቀመ ውዝፍ ሰውን ከገንዘቡ በላይ የሚያናድደው ንቀት ስለሚመስለው ነው።

እኛ ቤተሰቦች ሆስፒታል ገብተን ይሄን ልንጠይቅ አንችልም። ግን እሱ ሲጠይቅ «ዝም በል፣ እንዳያባርሩህ» ብለን የምናስፈራራው እኛው ነን። እሱን ማቆም እንችላለን።

ወረርሽኙ አልፏል። እሱ ግን አልተመለሰም። ለምን?

ክትባቱ አገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፤ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ፤ የጤና ባለሙያዎች ቀድመው ተከተቡ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ አብቅቷል ያለው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። በአዋጅ የሚያበቃው ግን አስቸኳይ ሁኔታው ነው። ሐኪሙ ያኔ ያላለቀሳቸው ሰዎች አሉ፤ ኦክስጅን አንሶ ለማን ልስጥ ያለባት ሌሊት አለች። ሥራው ደግሞ ቆሞ አልጠበቀውም። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ ተገኘ ሲባል፣ እኛ ቤት ክዳን ያለው ባልዲ በዚያው ቀን በሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም አላዘዘም።

ስለዚህ «ድሮ እንደነበርከው ሁን» አትበሉት። የዓመት እረፍቱን ሳይቆራርጥ አንድ ላይ ይውሰድ፤ ስልኩን ለእህቱ ሰጥቶ። እረፍት ሲወጣ ወላጆቹ ጋ ከሄደ እዚያም ኤክስሬይ ይጠብቀዋል፤ ሐኪም መሆኑን የማያውቁበት ቦታ ሂዱ። ሦስት ቀን ይተኛል፤ ተዉት። አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ቀን ማውራት ይጀምራል። የሚያወራው ደስ የሚል ነገር ላይሆን ይችላል። አድምጡት፤ መፍትሔ አታምጡ።